ጥር 13 በምቦምቤላ፦ ከይፋት ቆላ ወደ ሌላ ቆላ

የታላቁ ልጄ ልጅ 11 ዓመቱ ነው። ከቤታችን ጀርባ ዲኤስቲቪ ቤት ስላለ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ እሱን ማግኘት አይታሰብም። ባለፈው ሰሞን የሚደግፈው ቡድን ተሸንፎበት አኩርፎ ገባና፣ ቡና ስቆላ አጠገቤ ዱካ ስቦ ተቀመጠ። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እማማ፣ አንቺ ግን በሕይወትሽ ኳስ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አይቻለሁ እንጂ። ያውም በስታዲየም፣ ያውም በሰው አገር፣ ያውም ኢትዮጵያ ስትጫወት» አልኩት።

አላመነኝም። ተነሥቼ ከሣጥን ውስጥ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የሆነች ሻርፕ አውጥቼ ሰጠሁት። አገላብጦ አያትና «ስንት ለስንት ወጡ?» ብሎ ጠየቀ። ነገርኩት። እሱ በውጤቱ ረክቶ ሄደ፤ እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ለልጁ ያልነገርኩት ብዙ ነበርና ለእናንተ ለአንባቢያን ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

በመጀመሪያ እውነቱን ልናገር፤ እኔ ኳስ አፍቃሪ አይደለሁም። በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቄ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከ30 ዓመት በላይ የሠራሁት እዚሁ በይፋት ቆላ ነው። ለእኔ ኳስ ማለት እሑድ ማታ በጓደኞቹ ትከሻ ተደግፎ የሚመጣ፣ ቁርጭምጭሚቱ ያበጠ ጎረምሳ ነበር። ከሮቢ ወንዝ ዳር ሜዳ የመጣውን በጉልበቱ ላይ ካለው አሸዋ አውቀዋለሁ።

ይፋትን በስም ብቻ ለምታውቁ፣ ሸዋሮቢት ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ደብረ ብርሃን ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈው ደብረ ሲና ሲደርሱ ጋቢውን ያወልቃሉ። ከዚያ ቁልቁለቱን ጨርሰው ቆላው ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ሹራቡንም ያወልቃሉ፤ የመኪናው መስኮት ይከፈታል፣ መንገድ ዳር ማንጎና ፓፓያ ይታያል። ማሽላው፣ ማሾው፣ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርት ከዚህ ነው የሚወጣው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሠፈር፣ በአንድ ዕድር ይኖራል። ሙቀቱን ችሎ ለኖረ ሰው መሬቱ ለጋስ ነው፤ ወባው ግን አይምርም።

ከዚህ ቤት ነው ታናሽ ወንድሜ በ1993 ዓ.ም. የወጣው። በ15 ዓመት እበልጠዋለሁ፤ አዝዬ ነው ያሳደግኩት። 24 ዓመት ሲሞላው ሁለት ጓደኞቹን ይዞ በሞያሌ አድርጎ ኬንያ ገባ። ከዚያ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን አቋርጦ ከወራት በኋላ ጆሃንስበርግ ደረሰ። በዚያ መንገድ የቀሩ ብዙ ናቸውና የመጀመሪያው ስልኩ ሲመጣ እናታችን ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች።

እዚያ «ሎኬሽን» በሚሉት የጥቁሮች ሠፈር ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ግንቦት 2000 ዓ.ም. የውጭ አገር ሰዎች በተጠቁበት ጊዜ፣ ከ60 በላይ ሰዎች በሞቱበት በዚያ ወር ሱቁ ተዘረፈ፤ እሱ በጀርባ በር አምልጦ ተረፈ። እንደገና ከዜሮ ጀምሮ ብዙ ሐበሻ በሚነግድበት በጄፒ መንገድ ብርድ ልብስና ልብስ መሸጥ ያዘ። አግብቶ ሁለት ልጆች ወለደ። ወረቀቱ ግን በየጥቂት ወሩ የሚታደስ የጥገኝነት ወረቀት ነበር። በዚያ ወረቀት ወደ አገሩ የሄደ ሰው ተመልሶ መግባት አይችልም።

እናታችን በ2002 ዓ.ም. ታመመች። ሦስት ሳምንት ተኛች። በሽታው የሚመለስ እንዳልሆነ በሙያዬ ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። እሷ ግን ማታ ማታ መብራት ሲበራ «ያ ልጅ አልደወለም?» ትላለች። እሱም ይደውላል፤ እኔ አነሣለሁ። «እማዬስ?» ሲል «ደኅና ናት፣ ተኝታለች» እላለሁ። ብነግረው ሁሉንም ትቶ እንደሚመጣ፣ ሚስቱና ልጆቹ እዚያ ያለ ሰው እንደሚቀሩ አሰብኩ። ቤተሰቡም ሁሉ «አትንገሪው» አለ። ስታርፍ እዚያ ላሉ ያገሩ ልጆች ደወልኩ። እነሱ እንደ ወጉ ማለዳ ተሰብስበው ሄደው መርዶውን ነገሩት።

ከዚያ በኋላ ለልቅሶው ገንዘብ ላከ፣ ለተዝካሩም ላከ። ስልኩ ግን ጠፋ። በዓመት በዓል «እንኳን አደረሳችሁ» ይላል፤ ያቺው ናት። አልተጣላንም፤ ግን እንደ ድሮው አላወራንም።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸነፉ። ኡምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈው ነበርና በድምሩ 5 እኩል ሆነው፣ ከሜዳ ውጭ ባገቡት ጎል አለፉ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። ውድድሩ መጀመሪያ ለሊቢያ የተሰጠ ነበር፤ እዚያ በነበረው ጦርነት ምክንያት ወደ ደቡብ አፍሪካ ተዛወረ። የዚያን ዕለት ማታ በከተማችን መኪናው ሁሉ ክላክስ እያሰማ ሲዞር የእኔ ስልክ ጮኸ። ወንድሜ ነበር፣ ድምፁ ተዘግቷል።

«እትዬ፣ እዚህ ሊመጡ ነው እኮ! አንቺም ነይ። ትኬቱን እኔ እልካለሁ።»

ኳስ ለማየት ነይ ሲለኝ ሌላም ነገር እንዳለው ገባኝ። የዓመት ዕረፍቴን አስፈቀድኩ። ባለቤቴ ቤቱን ሊጠብቅ ቀረ፤ እኔና ያኔ 17 ዓመቷ የነበረችው ልጄ ከጥምቀት በፊት ተጓዝን። ከአምስት ሰዓት በላይ በርረን ጆሃንስበርግ ስናርፍ ወንድሜ ፀጉሩ ሸብቶ ጠበቀኝ። 12 ዓመት ሙሉ አላየሁትም። ተቃቀፍን፣ ተላቀስን። ቤቱ ስንገባ የእናታችን ፎቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሁለታችንም አየነው፤ ሁለታችንም ምንም አላልንም።

ጥምቀትን እዚያ ካሉ ወገኖች ጋር አከበርን። በማግስቱ እሑድ ሁለቱን ልጆቹን፣ ሚስቱን፣ ልጄንና እኔን በአንዲት ሚኒባስ ጭኖ ወደ ምሥራቅ ነዳ። ጨዋታው ሰኞ በኔልስፕሩት ከተማ፣ በምቦምቤላ ስታዲየም ነው። ዛሬ ከተማዋም ምቦምቤላ ተብላለች። መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጆሃንስበርግ ደጋ ናት። መጀመሪያ የምታዩት ሜዳማ አገር፣ የበቆሎ እርሻና የድንጋይ ከሰል የሚያነዱ የኃይል ማመንጫዎች ጭስ ነው። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል መውረድ ይጀምራል። ጆሮዬ ተደፈነ፤ ልጄ ሹራቧን አወለቀች፤ ወንድሜ መስኮቱን ከፈተ።

«እትዬ፣ ጣርማ በርን አልመሰለሽም?» አለኝ።

መሰለኝ። ወርደን ስንጨርስማ ያለሁበት ጠፋኝ። ብርቱካንና ማንጎ በሄክታር ተተክሏል፣ ሙዝ አለ፣ መንገድ ዳር ሴቶች ፍራፍሬ ደርድረው ይሸጣሉ። ሙቀቱ እንደኛው ሙቀት ነው። አገሬዎቹ ራሳቸው ያንን ክፍል በእንግሊዝኛ «ዝቅተኛው ሜዳ» በሚል ስም ይጠሩታል፤ ቆላ ማለታቸው ነው። ወንድሜ በዓመት አንድ ቀን ሱቁን ዘግቶ እዚህ እንደሚመጣ ሚስቱ ነገረችኝ። «ምን እንደሚፈልግ አላውቅም፤ ማንጎ ሥር ቁጭ ብሎ ይመለሳል» አለች። እኔ ምን እንደሚፈልግ አወቅሁ።

በሙያዬ ግን ቶሎ ያሰብኩት ሌላ ነገር ነበር፤ ወባን። እኛ ጋ ጥር በጋ ነው፤ የወባው ወቅት ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይከፋል። እዚያ ግን ወቅቱ ተገላቢጦሽ ነው። ዝናባቸው የሚዘንበው በእኛ በጋ ስለሆነ ጥር ላይ ሣሩ ለምልሟል፣ ውሃው አቁሯል። ወንድሜ «እዚህ ሆቴል አለ፣ መንገድ አለ፣ ምን ወባ?» ብሎ ሳቀብኝ። ትንኝ ሆቴል አይታ አትመለስም። ደጋ ተወልደው ያደጉት ልጆቹ ወባን የመቋቋም አቅም ፈጽሞ የላቸውም። ስለዚህ ገና ከጆሃንስበርግ ሳንነሣ ሐኪም ዘንድ ወስጃቸው የመከላከያ መድኃኒት አሳዝዣለሁ። ማታ ማታ ረጅም እጅጌ እንዲለብሱና የትንኝ ማባረሪያ ቅባት እንዲቀቡ አደርግ ነበር። ከቆላ በተመለሱ ከሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ትኩሳት የያዘው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ መጀመሪያ «ቆላ ነበርኩ» ማለት አለበት። ይህ ለሸዋሮቢት ተመላሽም፣ ለደቡብ አፍሪካ ተመላሽም አንድ ነው።

ሰኞ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ወደ ስታዲየሙ ሄድን። ከሩቅ ስታዩት ጣሪያውን የተሸከሙት ብርቱካናማ ምሰሶዎች ቀጭኔ ይመስላሉ፤ 18 ናቸው። ውስጥ ስትገቡ ወንበሮቹ የሜዳ አህያ መልክ እንዲይዙ በጥቁርና በነጭ ተሠርተዋል። ለ2010ሩ የዓለም ዋንጫ የተሠራ፣ ከ40 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ነው። ሜዳው ግን አሳቀኝ። ሣሩ ሳስቶ አሸዋ በዝቶበት ነበር፤ ኳሷ ስትነጥር አብሯት አሸዋ ይነሣል። «ይኼማ የሮቢ ዳር ነው!» አልኩ። በሳቅ ውስጥ ሆኜም የስንቱ ቁርጭምጭሚት ይዞራል ብዬ አሰብኩ።

ሐበሻው ከጆሃንስበርግ፣ ከኬፕታውን፣ ከደርባን በአውቶቡስ እየተጫነ መጥቷል። የሆሳዕናው፣ የዱራሜው፣ የአዲስ አበባው፣ የወሎው ልጅ ሁሉ አለ። አንዱ ባንዲራ ለብሷል፣ አንዱ ፊቱን ቀብቷል፣ አንዷ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ እልል ትላለች። ቩቩዜላ የሚባለው ረጅም ጥሩንባ ጆሮ ይበሳል። ለልጆቹ ጆሮ ጥጥ ጠቀጠቅሁላቸው፤ ትንሿ አወጣችው፤ መለስኩት፤ እንደገና አወጣችው።

አጠገባችን አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው ነው ያመጣቸው። ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አሉኝ። «ጥር 13» አልኳቸው። «አዎ! በ1954 ዓ.ም. ዋንጫውን የበላነውም ጥር 13 ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ወሰደች። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ፤ መንግሥቱ ወርቁም ጎል ካገቡት አንዱ ነው። ልክ በ51 ዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ ያለፈውን ዋንጫ ከወሰደችው ከዛምቢያ ጋር ልንጫወት ተቀምጠናል። ሽማግሌው ያኔ ልጅ ነበሩ፤ ጨዋታውን ከስታዲየሙ ውጭ ዛፍ ላይ ሆነው እንዳዩት ነገሩኝ።

ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቡድኖቹ ገቡ። ብሔራዊ መዝሙሩ ሲጀመር ሁሉም ተነሣ። እኔ ወደ ሜዳው እያየሁ ነበር፤ ልጄ በክርኗ ነካችኝ። ወንድሜ ያለቅሳል። ዓይኑ እንባ ማቅረሩ አይደለም፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ አውጥቶ ነው የሚያለቅሰው። አጠገቡ የነበሩ ልጆች ስለ ባንዲራው መስሏቸው «አይዞህ ወንድሜ» እያሉ አቀፉት፤ እነሱም አለቀሱ። እኔ ግን ያንን ለቅሶ አውቀዋለሁ። የእናቱ ሬሳ ሲወጣ ማልቀስ የነበረበት ለቅሶ ነው፤ ሦስት ዓመት ዘግይቶ ከሺህ ሰው መካከል ወጣ። ምንም አላልኩም፤ እጁን ያዝኩት።

ጨዋታው ተጀመረ። የእኛ ልጆች ኳሷን በአጭር በአጭሩ ሲቀባበሉ አማረባቸው። ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን፤ ሳላዲን ሰይድ መታ፤ የዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ምዌኔ አዳነበት። ሰው ሁሉ ራሱን ያዘ። ብዙም ሳይቆይ የእኛ በረኛ ጀማል ጣሰው ከጎሉ ርቆ ወጣና ከዛምቢያው ቺሳምባ ሉንጉ ጋር ተጋጨ። ዳኛው ቀይ ካርድ አወጣ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ልጻፈው። ከእኛ ወገን ቩቩዜላ፣ የውሃ ጠርሙስ፣ የተገኘው ነገር ሁሉ ወደ ሜዳው ይወረወር ጀመር። ጨዋታው ቆመ። እኔስ? እኔም ተነሥቼ ዳኛውን እየተሳደብኩ ነበር። 30 ዓመት ሙሉ «መጀመሪያ የወደቀውን እዩ» እያልኩ ጀማሪ ነርሶችን ያስተማርኩ ሴት፣ የወደቀ ሰው መኖሩን ረስቼ ነበር። ያስታወሰኝ የወንድሜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። በተሰባበረ አማርኛው ቀሚሴን ጎተተና «አክስቴ፣ ያ ሰውዬ ሞተ?» አለኝ።

ያኔ ነው ወደ ሜዳው ያየሁት። የሰው ልጅ በአሸዋው ላይ ወድቋል፣ ወጌሻዎች ከበውታል፣ ከላይ ጠርሙስ ይወርዳል። ወደ ወንድሜ ዞርኩ፤ እጁ ላይ ጠርሙስ ይዟል። ይወረውር ይሁን ይጠጣበት አላውቅም፤ ክንዱን ይዤ «ተቀመጥ! ልጅህ እያየህ ነው!» አልኩት። ተቀመጠ። ሽማግሌውም ተነሥተው ከኋላችን ያሉትን ወጣቶች «ዋንጫ ስንወስድ እንዲህ አልነበርንም!» ብለው ተቆጡ። አንዳንዱ ሰማቸው፣ አንዳንዱ አልሰማቸውም።

ዘሪሁን ታደለ ተቀይሮ ጎሉ ላይ ቆመ። ቀድሞ በአሥር ሰው ቀርተናል፤ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ኮሊንስ ምቤሱማ አገባብን። በዕረፍቱ ሰው ዝም አለ። ለልጆቹ ዳቦ ቆረስኩላቸው። ከፊታችን የተቀመጠች አንዲት የዛምቢያ ሴት ዘወር ብላ ለትንሿ ልጅ ብርቱካን ሰጠቻት። ከቅድሙ ሁሉ በኋላ እጇን ዘርግታ ስትሰጥ ሐፍረቴ ባሰ። ጎጆዬን እንኳን ደኅና አገኘሽ እንደሚሏት ሴት ሁለት እጇን ይዤ አመሰገንኳት።

ሁለተኛው አጋማሽ ሌላ ነበር። አሥር ሆነው እንደ አሥራ ሁለት ሮጡ። 65ኛው ደቂቃ ላይ አዳነ ግርማ አገባ! ስለ ጎሉ ልነግራችሁ አልችልም፤ አላየሁትማ። ከፊቴ ያለው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ነበር። እኔ ያየሁት ወንድሜን ነው፤ ልጁን አየር ላይ ወርውሮ ሲቀልበው። እናታችን ማሾ በደንብ የያዘ ዓመት እሱን እንዲህ ትወረውረው ነበር። ያቺ የዛምቢያ ሴት ሳትቀር አጨበጨበች። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። እየወጣን ባለቤቴ ከሸዋሮቢት ደወለ። ዲኤስቲቪ ቤቱ ሞልቶ ሰው በመስኮት ነበር የሚያየው፤ በዕረፍት ላይ መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሣ ተጨንቀዋል። «ጎሉ ሲገባ ጎረቤታችን ሐጂ አቅፈውኝ መነጽሬን ሰበሩት» አለኝ። መነጽሩ ባለቤቴን ቅር ያላሰኘው ያን ቀን ብቻ ነው።

ማታ ልጆቹ ተኙ። ያረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ውስጥ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ወንድሜ ሥሩ ወንበር አወጣና «እትዬ፣ ነይ ቁጭ በይ» አለኝ። ከዚያ ሦስት ዓመት ያልጠየቀውን ጠየቀ። «እማዬ ጠርታኝ ነበር?»

ልዋሸው እችል ነበር። «በእንቅልፏ አለፈች፣ አልተሠቃየችም» የሚለውን ቃል ለስንት ሰው ብያለሁ። ግን ከሰዓት በኋላ ሲያለቅስ አይቼዋለሁና አልቻልኩም። «በየማታው ትጠራህ ነበር» አልኩት። ሦስቱን ሳምንት ቀን በቀን ነገርኩት፤ ምን እንደበላች፣ ምን እንዳለች፣ በመጨረሻው ማታ እጇን ማን እንደያዘ። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

«ብትነግሪኝ እመጣ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ያልነገርኩህ። ወረቀትህን፣ ልጆችህን አስቤ።»

«መምጣቱን ተዪው። በስልክ ድምፄን ብታሰሚያትስ? እሱ ወረቀት አይጠይቅም ነበር።»

መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ስልኩ በእጄ ነበር፣ እሷ አልጋዋ ላይ ነበረች፤ በመካከላቸው አንድ ክንድ ነው የነበረው። እሱ ከሰማ ይመጣል ብዬ በመፍራት ያንን አንድ ክንድ ዘጋሁት። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። ታላቅ እኅት ለታናሽ ወንድሟ እንዲህ ስትል በቤታችን የመጀመሪያው ይመስለኛል። ተነሥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፤ አነሣሁት። ከዛፉ የወደቀ ማንጎ አንሥቶ ልጦ ግማሹን ሰጠኝ። በልተን ገባን።

በማግስቱ ልጆቹን ወደ ክሩገር ፓርክ ወሰድናቸው። ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ ከ1926 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች ጀምሮ ብዙ ዓመቱ ነው፤ ስፋቱም ወደ 20 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዝሆን ከነግልገሉ መንገዱን ዘግቶ ቆሞ አየን። ወንድሜ መኪናውን አጥፍቶ ስለ ልጅነታችን ለልጆቹ ያወራላቸው ጀመር፤ ስለ ሮቢ ወንዝ ሙላት፣ ከማሽላ ማሳ ዝንጀሮ ስለሚያባርሩ ልጆች። ስለ እናቱም አወራ። ልጆቹ ስለ አያታቸው ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

ዋልያዎቹ ጥር 17 በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ጥር 21 በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈው ወጡ። በኋላ ዋንጫውን የወሰደችው ናይጄሪያ፣ ለፍጻሜ የቀረበችውም ቡርኪና ፋሶ ሆኑ፤ ሁለቱም ከእኛ ምድብ ናቸው። ዛምቢያም ሦስቱንም ጨዋታ አቻ ወጥታ ተሰናበተች። እኔና ልጄ እነዚያን ጨዋታዎች ጆሃንስበርግ፣ ወንድሜ ሳሎን ውስጥ ከእናታችን ፎቶ ሥር ሆነን በቴሌቪዥን አየናቸው።

ከዓመታት በኋላ ወረቀቱ ተስተካክሎለት ወንድሜ ልጆቹን ይዞ ይፋት መጣ። መጀመሪያ የሄደው መቃብሯ ዘንድ ነው። ብቻውን ቆየ። ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ሮቢ ዳር ወስዶ ከሠፈሩ ጎረምሶች ጋር ኳስ አጫወታቸው፤ ትልቁ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ እያነከሰ መጣና በፋሻ አሰርኩለት።

ቤተሰብ ይዛችሁ በሰው አገር ኳስ ልታዩ ከሄዳችሁ ሦስት ነገር ልምከር። ሙቀት ካለ ውሃና ኮፍያ፣ ለሕፃናት የጆሮ ጥጥ ያዙ፤ ቆላ ከሆነ ስለ ወባ አስቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ፤ ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ ከመግባታችሁ በፊት ለልጆቹ አሳዩአቸው። አራተኛው ከኳስ ጋር አይገናኝም። በውጭ አገር ልጅ ያላችሁ፣ ወንድም ያላችሁ፣ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ሲኖር አትደብቁት። ይምጣ ወይም አይምጣ እሱ ይወስን። ስልኩን ለበሽተኛው ስጡት።

ጠዋት የልጅ ልጄ ሻርፔን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ወደ ትምህርት ቤት ሊሄድ ሲል አገኘሁት። «እማማ፣ ያ የወደቀው ሰውዬስ ተነሣ?» አለኝ። ማታ የነገርኩትን ሁሉ ረስቶ እሷን ያዛት ማለት ነው።

«ተነሣ» አልኩት።